ካሹስ የማን ነው?

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የምትመጣው። ኮተቤ፣ ጉራራ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ማስነጠስ ሲጀምር ከእንቅልፉ የማይባንን የየካ ሰው የለም። ስለዚህ ሁላችንም አጠራቃሚ ሆነናል። አቅም ያለው ሁለት ሺህ ሊትሩን ሮቶ የብረት ማማ አሠርቶ ይሰቅላል፣ የሌለው በርሜል ይገዛል፣ የባሰበት ቢጫ ጀሪካኑን ግድግዳ ጥግ ይደረድራል። ለዚህ ኮርስ የወሰደ የለም። ውሃው የሚመጣው ከሩቅ ነው፣ ሁልጊዜም አይመጣም፤ እንግዲህ በመጣ ሰዓት አስቀምጦ ከደጅ መቅዳት ነው። ይህ የገባው ሰው የኮምፒውተር ሰዎች «ካሽ» የሚሉት ነገር ገብቶታል።

(ካሽ ስል ብሩን አይደለም። ፈረንጆቹ ሁለቱን ቃላት ሲጽፉ ይለዩአቸዋል፣ ሲጠሩ ግን አንድ ናቸው። በእኛ ፊደል ደግሞ ሲጻፉም አንድ ናቸው። አጋጣሚው ደስ ይለኛል፤ ቆይቼ እመለስበታለሁ።)

ጠቤ ከማን ጋር እንደሆነ ቀድሜ ልናገር። ከቴሌ ጋር አይደለም፤ ለእሱ ሌላ ቀን አለ። ጠቤ ዌብሳይት ከሚሠሩ እኩዮቼ ጋር ነው፣ ከራሴም ጭምር። «ሳይታችሁ አልከፍት አለኝ» ሲባሉ ደረታቸውን ነፍተው «የካሽ ፕለጊን ጭነንለታል፣ ችግሩ የኔትዎርክ ነው» ከሚሉት ጋር ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ ሁለት ማምለጫ በር ይዛለች። ዛሬ ሁለቱንም ልዘጋቸው ነው።

መጀመሪያ ፕለጊኑ ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። አብዛኞቻችን ሳይት የምንሠራው በወርድፕሬስ ነው። እኛ ብቻ አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ይህ ሶፍትዌር ዛሬ ከዓለም ዌብሳይቶች ከ40 ከመቶ በላይ የሚሆኑትን ተሸክሟል። ወርድፕሬስ ግን አንድ ጠባይ አለው። ለእያንዳንዱ እንግዳ ሊጥ ከማቡካት ይጀምራል። አንድ ሰው ገጹን በከፈተ ቁጥር የፒኤችፒው ኮድ ይነሳል፣ ዳታቤዙን ይጠይቃል፣ ርዕሱን ከዚህ፣ ጽሑፉን ከዚያ፣ ማውጫውን ከወዲያ ሰብስቦ ገጽ ይጋግራል። ከአንድ ደቂቃ በፊት ለሌላ ሰው ያንኑ ገጽ ጋግሮ ነበር፤ ትዝ አይለውም። የካሽ ፕለጊን ማለት መሶብ ነው። የተጋገረውን ያስቀምጥና ቀጥሎ ለመጣው ከመሶቡ ያነሳለታል። እ.ኤ.አ. በ2007 አየርላንዳዊው ዶናካ ኦ ኪቭ የሪካርዶ ጋሊን ቀዳሚ ሥራ መነሻ አድርጎ ደብሊውፒ ሱፐር ካሽን አወጣ፤ በ2009 ደብሊው ስሪ ቶታል ካሽ መጣ፤ ዛሬማ ቁጥራቸው የትየለሌ ነው። ጥሩ ሥራ ናቸው። አልክድም። ርካሽ ሆስቲንግ ላይ የተቀመጠ ሳይት (የእኛዎቹ ደግሞ ሁሉም ርካሽ ላይ ናቸው፣ ክፍያውም በአሜሪካ ዘመድ ካርድ ነው) ሁለት ሦስት ሰከንድ ሲያስብ ከቆየ በኋላ ይሰጥ የነበረውን ገጽ ወዲያው እንዲሰጥ ያደርጉታል።

ይኼው ነው። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ እኛ የጨመርንበት ሽያጭ ነው።

እኔም ሸጫለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት መገናኛ አካባቢ ያለ አንድ ድርጅት ሳይታችን ይንቀራፈፋል አለኝ። ሄድኩ። ፕለጊኑን አወረድኩ፣ «አክቲቬት» የምትለዋን ተጫንኩ፣ ከጎኑ ያሉትን ሳጥኖች ምን እንደሚሠሩ ሳላነብ ሁሉንም ምልክት አደረግኩባቸው። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለአሥር ደቂቃዋ የተቀበልኩትን ብትሰሙ ትታዘቡኛላችሁ። «አሁንስ?» አልኳቸው። «ይገርማል!» አሉ። የቢሮአቸው ዋይፋይ ላይ ነበርና በእርግጥም ይገርም ነበር። ማታ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ደስታዬን ላጣጥም ብዬ፣ በራሴ ስልክ በራሴ ዳታ ከፈትኩት። ከመገናኛ ተነስተን ላምበረት ስንደርስ የሥራ አስኪያጁ ግንባር ታየ። አገጫቸው የደረሰው ኮተቤ ስገባ ነው።

ፎቶው ከካሜራ እንደወረደ ነበር የተሰቀለው። ስፋቱ የቢልቦርድ፣ ክብደቱ ከ4 ሜጋባይት በላይ፤ እሱን ደግሞ የእጅ መዳፍ በምታክል ስክሪን ላይ ነው የምናሳየው። እንዲህ ዓይነት አምስት ፎቶ በየተራ የሚያገላብጥ ስላይደርም አለ፤ ደንበኛው ካላየው ሳይት ተሠራ ብሎ የማያምነው ነገር። ፕለጊኑ ይህንን ሁሉ አልነካውም። ሊነካውም አይችልም፤ ሥራው አይደለም። ሮቶ ውሃውን ያቀርብልሃል እንጂ ጀሪካኑን አያቀልልህም። ሃያ ሊትር ከሮቶ ተቀዳ፣ ከወንዝ ተቀዳ፣ ትከሻ ላይ ሃያ ኪሎ ነው።

አንደኛው በር ይህ ነበር። ወደ ሁለተኛው እንሂድ፤ «ችግሩ የኔትዎርክ ነው» ወደሚለው።

እውነት አለው። ኢንተርኔት ወደዚህ አገር የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው፤ እስከ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ እስከጀመረበት ጊዜ ድረስ፣ ሻጩ አንድ ብቻ ነበር። ወደብ የለንም፤ የውጭ መስመራችን በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን ዞሮ ነው ባሕር የሚገባው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ለፈተና ተብሎ ኢንተርኔት ሲዘጋ፣ በ2012 ክረምት መግቢያ ላይ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል ድርግም ሲል ሁላችንም ነበርን። ይህንን ሁሉ አውቃለሁ። ታዲያ እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው ነው 6 ሜጋባይት ገጽ የሚሠራው? መንገዱ ጭቃ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቦቲ ነው የሚገዛው ወይስ ነጭ ሸራ ጫማ አድርጎ ወጥቶ ጭቃውን ይሳደባል?

ርቀቱን እንኳ አስቡት። አብዛኛው የማውቀው የአገራችን ሳይት የተቀመጠው አውሮፓ ወይም አሜሪካ ነው። ፍራንክፈርት ነው እንበል፤ ከአዲስ አበባ በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። ገመድ ደግሞ እንደ አውሮፕላን አይበርም፤ በወደብ፣ በባሕር፣ በየጣቢያው እየዞረ ነው፤ የእውነቱ ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ስልካችሁና ሰርቨሩ ደግሞ ሐበሻ ናቸው፤ ሳይጠያየቁ ሥራ አይጀምሩም። አንድ ዙር ለሰላምታ፣ አንድ ወይም ሁለት ዙር ምስጢራዊ ቁልፍ ለመለዋወጥ፣ ሌላ ዙር ገጹን ለመጠየቅ። ከዚያ ገጹ ይደርስና «አሁን ደግሞ ሰባ ፋይል አምጡልኝ» ይላል፤ ለፊደሉ፣ ለአዶው፣ ለቆጣሪው፣ ማንም የማይጫነውን የፌስቡክ ቁልፍ ለማሳየት። ሰባውን ፋይል ማን ጨመራቸው? ቴሌ አይደለም።

እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃውን ሲወዱት ውሃውን በእንስራ ወደ እንጦጦ አላስጫኑም፤ ከውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ከዚያች ቤት ነው ይህ ሁሉ ከተማ የወጣው። ዛሬ ቦሌ ለሚ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ ዳታ ሴንተሮች አሉ። አንባቢው ሾላ ገበያ፣ ጸሐፊው ሲኤምሲ፣ ጉዳዩ የየካ ወረዳ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ ጀርመን ደርሶ የሚመለስበትን ምክንያት የሚነግረኝ ካለ እሰማለሁ። ዋጋው ነው ካላችሁኝ እቀበላለሁ፤ እኔም አልቻልኩትም። ግን ቢያንስ ሩቅ ያለ ሰው ስንቁን ያቀላል።

አሁን ስለ ውጤት ካርድ። ፕለጊን ከጫንን በኋላ ለደንበኛው የምናሳየው ነገር አለ፤ ጂቲሜትሪክስ ወይም የጉግሉ ፔጅስፒድ ላይ ገብተን አድራሻውን እናስመረምርና አረንጓዴ «ኤ» ስትወጣ ስክሪን ሾት አንስተን ከደረሰኙ ጋር እንልካለን። ጂቲሜትሪክስ ምንም ካልነገራችሁት ለዓመታት ይመረምር የነበረው ከየት ሆኖ እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከካናዳ፣ ከቫንኩቨር። ቫንኩቨር ላይ ያለ ኮምፒውተር በቫንኩቨር መስመር ሳይታችንን ከፍቶ «ፈጣን ነው» አለ። እሰየው! ኑሮዋ ቫንኩቨር ለሆነ ዘመዳችን ደስ ይበላት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጉራራ ቁልቁለት ላይ ቆሞ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ፣ ሜሞሪው በሞላ ስልክ የሚከፍተው ልጅ ግን ያ መርማሪ አያውቀውም። እኛ ግን እናውቀዋለን። ጎረቤታችን ነው። ብዙዎቻችን ራሳችን ነን።

ወደ ካሹ፣ ወደ ብሩ ልመለስ። ልጁ ኢንተርኔት የሚገዛው በሜጋባይት ነው። አንድ መቶ ሜጋባይት ገዛ እንበል። ገጻችሁ 6 ሜጋባይት ከሆነ አሥራ ስድስት ገጽ አይቶ ባዶ እጁን ይቀራል። ያንኑ ገጽ፣ ያንኑ ጽሑፍ፣ ፎቶውን ጨምሮ 200 ኪሎባይት ላይ ማድረስ ይቻላል፤ ያን ጊዜ አምስት መቶ ገጽ ያያል። ልዩነቱን የከፈለው ማን ነው? ሰርቨሩ ላይ የተጫነው ካሽ የዳታቤዙን ድካም አተረፈ፣ የሆስቲንግ ኩባንያውን ኤሌክትሪክ አተረፈ፣ የባለ ሳይቱን ወርኃዊ ሒሳብ አተረፈ። የአንባቢውን ካሽ ግን አላተረፈም። እዚያች ልጅ ኪስ ውስጥ ያለችው ካሽ ናት የምታልቀው፣ እኛ ደግሞ «ካሽ ጭነናል» እንላለን።

ሌላ ካሽ አለ፣ ስሙ የማይነሳ፤ አንባቢው ስልክ ላይ ያለው። ሰርቨሩ «ይህን ሎጎ፣ ይህን የፊደል ፋይል ዓመት ሙሉ አስቀምጠው፣ አይቀየርም» ብሎ ለብሮውዘሩ መንገር ይችላል። የአንድ መስመር ትእዛዝ ናት። ያቺ ካለች ልጁ ነገ ሲመለስ የሚያወርደው አዲሱን ጽሑፍ ብቻ ነው። እውነተኛው የሰፈራችን ሮቶ ይኼ ነው፤ ግቢው ውስጥ ያለው። ብዙ ፕለጊኖች ይህንን የማስተካከል ሳጥን አላቸው፤ ሳላነብ ምልክት ካደረግኩባቸው አንዱ ይሆናል። ቢሆንም ሜሞሪው የሞላ ስልክ ያስቀመጠውን ቶሎ ይደፋዋልና እዚህም ላይ መጀመሪያ የሚረዳው ማቅለል ነው።

«200 ኪሎባይት ቀልድ ነው» የሚለኝ አይጠፋም። ቀልድ አይደለም፤ ዩቲዩብ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ2009 እዚያ ይሠራ የነበረ ክሪስ ዛካሪያስ የሚባል መሐንዲስ ቪዲዮ የሚታይበት ገጽ 1.2 ሜጋባይት መድረሱ አናዶት ገጹን ከ100 ኪሎባይት በታች አወረደው። «ፌዘር» አሉት፤ ላባ ማለት ነው። ለጥቂት ተጠቃሚዎች ለቅቀው ቁጥሩን ሲያዩ ጉድ ሆነ፤ አማካይ የመክፈቻ ጊዜው ጨመረ! ገጹ ቀለለ፣ አማካዩ ግን ዘገየ። ሰውየው ሊያብድ ነበር። በኋላ ካርታው ላይ በየአገሩ ሲያዩት ነው የገባቸው። ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ደቡብ አሜሪካ፣ አፍሪካ፣ ሳይቤሪያ ሳይቀር ዩቲዩብን ከዚያ በፊት ሊከፍቱት የማይችሉ ሰዎች መግባት ጀምረው ነበር። ለእነሱ ቀላሉ ገጽ እንኳ ሁለት ደቂቃ ይፈጅ ነበር፤ ድሮ ሃያ ደቂቃ ይፈጅባቸው ስለነበር ሞክረው ትተውታል፤ ስለተዉትም በቁጥሩ ውስጥ አልነበሩም። ይቺን ነገር ካነበብኩ ጀምሮ የማንም ሳይት «አማካይ ፍጥነት» አያስደንቀኝም። ተስፋ ቆርጦ የሄደው ሰው በአማካዩ ውስጥ የለም።

ለእኛ ትውልድማ ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። በኖኪያ ቀፎ ኦፔራ ሚኒን ይዞ ያደገ ሰው ምን ይነገረዋል? ገጹ መጀመሪያ ኦፔራ ሰርቨር ላይ ይወርዳል፣ እዚያ ይጨመቃል፣ ለእኛ ፍሬው ብቻ ይመጣል። በዚያች ኪሎባይት ስንት ነገር አነበብን! የኖርዌይ ኩባንያ ነበር ለካርዳችን ሲሳሳልን የኖረው። ዛሬ ተራው የእኛ ሲሆን፣ በዚያች ቀፎ ያደግነው ልጆች ሥራ አስኪያጅ በቪዲዮ የሚያጨበጭብበት ሆምፔጅ እንሠራለን።

የሚያናድደኝ ሌላም አለ፤ ጽሑፍን ፎቶ ማድረግ። የስብሰባ ጥሪው፣ የሥራ ማስታወቂያው፣ የጨረታው፣ የስም ዝርዝሩ… ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ነው ሳይት ላይ የሚሰቀለው። ድሮ ምክንያት ነበረው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት የአንዱ ኮምፒውተር ፊደል በሌላው ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆነ ስላስቸገረ ሰው ፎቶውን መረጠ። ዛሬ ግን ተራ ስልክ ሁሉ ግዕዝ ያነባል። በተለመደው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፤ «ሰላም» ዘጠኝ ባይት። ከላቲኑ ሦስት እጥፍ መሆኑ ያበሳጫል፣ ይሁንና ምን ያህል ነው? አሁን የምታነቡት ይህ ሁሉ ወቀሳ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ 50 ኪሎባይት አይሞላም፤ ሰርቨሩ ጨምቆ ሲልከው ደግሞ በጣም ያንሳል። የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ፎቶ ከዚህ ሃያ ሠላሳ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ ዓይኑ የደከመ ሰው አያጎላውም፣ ማየት ለተሳነው የሚያነብ ሶፍትዌር አያነበውም፣ ጉግል አያገኘውም።

ከጉራራ ቀና ስትሉ እንጦጦ አለ። ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ መስታወታቸው አንድ አንድ ሜትር የሚሰፋ ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉበት የጠፈር ምርምር ማዕከል አለ። የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ የተዘጋጀው እዚያው ነበር። ሰባ ኪሎ ገደማ ነበረች፤ በእኛ ሰማይ በኩል ስታልፍ ለመነጋገር ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የሚቀመጥ ሰው የትኛው ቢት ይላክ፣ የትኛው ይቅር ብሎ አስቀድሞ መቁጠር ግድ ይለዋል። ተራራው ላይ ቢት ይቆጠራል፤ ከተራራው ሥር፣ እዚሁ ሰፈራችን፣ ሜጋባይት እንደ እጣቢ ይደፋል።

እስካሁን ፕለጊኑ የማይሠራውን ነው የነገርኳችሁ። አሁን ሳያስቡ ሲጭኑት የሚያበላሸውን ልንገራችሁ፤ ይኼኛው ሳቅ የለበትም።

ኮተቤ ጎረቤታችን የሆነች ልጅ፣ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ የፈለገች፣ ለአንድ ድርጅት አመልክታ ለጽሑፍ ፈተና ተመረጠች። ቀኑ ዓርብ እንደሆነ ሳይቱ ላይ አየች። ድርጅቱ በኋላ ቀኑን ወደ ረቡዕ አመጣው፤ ጽሑፉንም አስተካከለ። ያስተካከለው ሠራተኛ ከፍቶ አየው፤ «ረቡዕ» ይላል። ልጅቷ ማክሰኞ ማታ ለማረጋገጥ ደግማ ከፈተች፤ «ዓርብ» ይላል። ሁለቱም ያዩት ትክክል ነው። አብዛኞቹ የካሽ ፕለጊኖች በይለፍ ቃል ለገባ ሰው አዲሱን ገጽ ነው የሚያሳዩት፤ ከውጭ ለመጣ እንግዳ ግን መሶብ ውስጥ ያለውን ያነሱለታል። ያ ገጽ ሲስተካከል የቆየውን እንዲደፋ ማንም አላዘዘውም፤ ወይም ሁለት የካሽ ፕለጊን ተደራርቦ ተጭኖ (አዎ፣ «ሁለት ከሆነ እጥፍ ይፈጥናል» ብለው የሚጭኑ አሉ!) አንዱ የደፋውን ሌላው ይዞት ነበር። ዓርብ ጠዋት ቀሚሷን ተኩሳ ሄደች። ጥበቃው «ረቡዕ ተፈትነው ሄዱ፣ እህቴ» አላት። ሳይቱን የሠራው እኔ አልነበርኩም። ልሆን ግን እችል ነበር፤ ሳጥኖቹን ሳላነብ ምልክት ያደረግኩ ሰው ነኝ።

ሮቶ ውስጥ የከረመ ውሃ እንደማይጠጣ ሁሉም የሰፈሬ እናት ታውቃለች። ይህ የትኛው ገጽ ለስንት ሰዓት ይቆይ የሚለው ጥያቄ የካሽ ሥራ ልቡ ነው፤ መጫኑማ ምኑ ነው? «ስለ እኛ» የሚለው ገጽ ወር ቢቆይ ማን ይሞታል። ማስታወቂያ ግን በተነካ ደቂቃ መደፋት አለበት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የዛሬውን ቀን ከላይ የሚጽፍ ሳይት ካላችሁ፣ ቀኑን የሚያወጣው ሰርቨሩ ከሆነ፣ ካሹ ማክሰኞን ይዞ ሐሙስ ድረስ ሊቀመጥ ይችላል። የውጭ ምንዛሪ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ሲሆን ባንኮች በየቀኑ ዋጋ መለጠፍ ጀመሩ፤ የትናንቱን ዋጋ «የዛሬ» ብሎ የሚያሳይ ገጽ ምን እንደሚያደርስ መርካቶ ሄዳችሁ ጠይቁ። ፕለጊኑ ራሱም ይሻግታል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ላይትስፒድ ካሽ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ማንም መንገደኛ ራሱን የሳይቱ አዛዥ አድርጎ እንዲገባ የሚያስችል ነበር፤ ያ ፕለጊን ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሳይቶች ላይ ተጭኗል። ሠርቶ፣ ደረሰኝ ሰጥቶ፣ ስልክ የማያነሳ ልጅ የተከለውን ፕለጊን ማን ያድሰዋል?

በተገቢው ቦታ ሲውል ደግሞ ካሽ ምን እንደሚያደርግ እዩ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰዱት ከ800 ሺህ በላይ ናቸው፤ ያለፉት 3.2 ከመቶ ብቻ። ውጤት የሚለቀቅ ቀን ያ ሁሉ ልጅ፣ እናቱ፣ አጎቱና የአጎቱ ልጅ በአንድ ሰዓት አንድ በር ላይ ይቆማሉ፤ ገጹ ሲሽከረከር ደግሞ እንደገና ይጫኑታል። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ ጭነት ዳታቤዝ ውስጥ ገብቶ ቢፈልግ ይወድቃል፤ ማንኛውም ይወድቃል። ግን ነገሩን አስቡት። የወጣ ውጤት አይቀየርም። የአንድ ልጅ ውጤት፣ ስሙና የየትምህርቱ ነጥብ፣ ጌጥ ከሌለው 2 ኪሎባይት ነው። 800 ሺህ ጊዜ 2 ኪሎባይት 1.6 ጊጋባይት ይመጣል። ተራ ፍላሽ ላይ ይገባል! ከመለቀቁ በፊት ባለው ሌሊት ሁሉንም ጋግሮ፣ የፋይሉን ስም ከመለያ ቁጥሩና ከስሙ በሚወጣ ምስጢር ሰይሞ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዳታቤዝ የሚባል ነገር የለም፤ ፋይል አንስቶ መስጠት ብቻ። ፋይል መስጠት ለኮምፒውተር ድካም አይደለም። ይህንን የሚያደርግ ፕለጊን አይወርድም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ማሰብ አለበት።

እኔ ያንን የመገናኛውን ድርጅት በኋላ ተመልሼ ሄድኩበት፤ በነፃ። ፎቶዎቹን አሳንሼ ጨመቅኳቸው፣ የሥራ አስኪያጁን ጭምር፤ ከ4 ሜጋባይት ወደ 60 ኪሎባይት ሲወርዱ አንድ ፀጉራቸው አልጎደለም። ማንም የማይጫናቸውን ቁልፎች አወጣሁ። ሳጥኖቹን በዚህኛው ጊዜ አንብቤ የማያስፈልጉትን አጠፋሁ። ስላይደሩን ላውጣ ስል ግን ተጣላን። «ያማ ከሌለ ምን ያምራል?» አሉኝ። አንድ ፎቶ ላይ ቆመን ታረቅን።

እናንተም ሞክሩት። ማታ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ሆናችሁ፣ ዋይፋዩን አጥፍታችሁ፣ የብሮውዘሩን ታሪክ ደልታችሁ፣ በገዛ ካርዳችሁ የሠራችሁትን ሳይት ክፈቱት። ከመክፈታችሁ በፊትና ከከፈታችሁ በኋላ ቀሪ ሜጋባይታችሁን ጠይቁ። ልዩነቱን ከደረሰኙ ጀርባ ጽፋችሁ ለደንበኛው ላኩለት፤ ከቫንኩቨሩ «ኤ» ጎን።

ቧንቧው ማስነጠስ ጀምሯል። ሮቶውን ልክፈት።